ሜላንኮሊ

ሜላንኮሊ በእንግሊዝኛ ቀስ ብሎ የሚገባን፣ ቶሎ የማይለቅንና ብዙ ጊዜ ይህ ነው የሚባል ምክንያት የማይገኝለትን ሐዘን የሚገልጽ ቃል ነው። ዘመድ የሞተበት ሰው ሐዘን ግሪፍ ይባላል፤ ሜላንኮሊ ግን ወደ ትካዜ ያደላል፤ ዝምታና በሐሳብ መዋጥ አለበት።

ምንጩ ግሪክኛ ነው። ሜላስ ጥቁር፣ ኾሌ ሐሞት ማለት በመሆኑ ቃሉ ሲፈታ «ጥቁር ሐሞት» ይሆናል። በጥንታዊው ግሪካዊ ሐኪም በሂፖክራተስ ስም የሚታወቁት የሕክምና ጽሑፎች ፍርሃትና ሐዘን ሳይለቅ ሲቆይ የዚህ ሐሞት ምልክት አድርገው ያዩት ነበር። በ2ኛው መቶ ዘመን ሐኪሙ ጌለን ትምህርቱን አስፋፋው፤ ጤና የሚጠበቀው ደም፣ አክታ፣ ቢጫ ሐሞትና ጥቁር ሐሞት ሲመጣጠኑ ነው ተባለ። ጥቁር ሐሞት የሚባል ፈሳሽ በሰው አካል ውስጥ ባይኖርም እምነቱ ከሺህ ዓመት በላይ ሐኪሞችን መርቷል። አማርኛም ስሜትን ከሐሞት ጋር ያያይዛል፤ እርሱ ግን ሐሞትን የሰጠው ለጀግንነት ነው፤ ፈሪን ሐሞተ ቢስ ይለዋል፣ ወኔ ለከዳውም ሐሞቱ ፈሰሰ ይላል።

ቃሉ ከላቲን በፈረንሳይኛ በኩል በመካከለኛው ዘመን ወደ እንግሊዝኛ ገባ። መጀመሪያ በዋናነት የፈሳሹና የበሽታው ስም ነበር። ክብር ያገኘው በኋላ ነው፤ በአርስቶትል ስም የተላለፈ አንድ ጥንታዊ ጽሑፍ ፈላስፎችና ባለቅኔዎች ለምን ትካዜ ያጠቃቸዋል ብሎ ጠይቆ ነበርና፣ የህዳሴው ዘመን ምሁራን ጥያቄውን አንሥተው ትካዜን የሊቅነት ምልክት አደረጉት። ጀርመናዊው ሠዓሊ አልብረኽት ዱረር በ1514 እ.ኤ.አ. ሜላንኮሊን ለማሳየት በሠራው ሥዕል ላይ ክንፍ ያላት ሴት በመሣሪያዎች ተከባ፣ ራሷን በእጇ ደግፋ ትታያለች። የኦክስፎርዱ ቄስ ሮበርት በርተን ደግሞ በ1621 ስለ ሜላንኮሊ ግዙፍ መጽሐፍ አሳተመ፤ የጻፈውም ራሱ ከትካዜ ለማምለጥ እንደሆነ ገልጿል። እስኪሞትም ድረስ እያረመና እየጨመረ ደጋግሞ አሳትሞታል።

የሥነ ልቦና ሐኪሙ ሲግመንድ ፍሮይድ በ1917 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ ሐዘንተኛ ያጣውን ያውቃል፣ የሜላንኮሊ ሕመምተኛ ግን ምን እንዳጣ በውል ሳያውቅ ራሱን ይወቅሳል ሲል ለየ። በሕክምናው ቋንቋ ዛሬ ዲፕሬሽን የሚለው ቃል ቦታውን ወስዷል፤ ሜላንኮሊያ የሚለው ቅርጽ ለከባድ ድባቴ አንድ ዓይነት መለያ ሆኖ ቀርቷል።

በዕለት ተዕለት እንግሊዝኛ ሜላንኮሊ ስምም ቅጽልም ሆኖ ያገለግላል፤ ስለ ዜማ፣ ስለ መኸር ምሽት፣ ስለ ተተወ ቤት ይነገራል። ውስጡ ለስለስ ያለ ውበት ስላለበት፣ ቃሉን ሕክምና ለሚያስፈልገው ድባቴ መጠቀም የሕመሙን ክብደት አሳንሶ ያሳያል።