አሥር ከአሥር

ተማሪ ሳለሁ አሥር ከአሥር ያገኘሁበት አንድ የፈተና መልስ አለኝ። አሥር ከአሥር ብዙ የማይጎበኘው ተማሪ ስለነበርኩ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ጥያቄው “የባህርይ ሕክምና አንድን ያልተፈለገ ባህርይ እንዴት እንደሚያጠፋ በምሳሌ አስረዳ” የሚል ነበር። አስረዳሁ። ከደብተሬ የሸመደድኩትን አንዲት ሳላስቀር ዘረገፍኩት፤ የሴት ልብስ የሚለብስ፣ ሴት መሆን የሚመኝ ሰውዬ ይመጣል፣ ልብሱን እንዲያይ ይደረጋል፣ ወዲያው ክንዱን ኤሌክትሪክ ይነዝረዋል፣ ይደጋገምበታል፣ ነገሩን ይጠላዋል፤ አለቀ! መምህራችን በቀይ እስክሪብቶ “በጣም ጥሩ” ብለው ጻፉልኝ። ሰውዬው ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ እኔም አልጠየቅኩ፣ እሳቸውም አልነገሩን።

ሰውዬው የፈተና ምሳሌ ብቻ አልነበረም። ዛሬ ትራንስጀንደር የሚባሉት፣ ሲወለዱ የተነገረላቸው ጾታ ከውስጥ ከሚያውቁት ማንነታቸው ጋር የማይገጥምላቸው ሰዎች፣ በሙያው መዛግብት ውስጥ ሞልተዋል። እ.ኤ.አ. በ1973 አሜሪካ ውስጥ ዴቪድ ባርሎውና ባልደረቦቹ አንድ የ17 ዓመት ወጣት “ማከማቸውን” ጽፈው አሳተሙ። ልጁ ሴት ነኝ ይላል። እነሱ አቀማመጡን፣ አቋቋሙንና አካሄዱን እየለኩ እንደ ወንድ እንዲቀመጥ፣ እንደ ወንድ እንዲራመድ አሠለጠኑት። በዓመቱ ደግሞ ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ጆርጅ ሬከርስና ኢቫር ሎቫስ አምስት ዓመት እንኳ ያልሞላው ሕፃን ላይ የሠሩትን አሳተሙ። “የወንድ ጨዋታ” ሲጫወት ሰማያዊ ቺፕ፣ “የሴት” ሲጫወት ቀይ ቺፕ ይሰጠዋል። ሰማያዊው ከረሜላ ያስገኛል፤ ቀዩ በአባት እጅ ያስገርፋል። ጽሑፉ ሕክምናው እንደተሳካ ይመሰክራል። ያ ሕፃን አድጎ እ.ኤ.አ. በ2003፣ በ38 ዓመቱ፣ ራሱን አጠፋ። ቤተሰቦቹ ያ ሕክምና ነው የገደለብን ይላሉ።

ጨካኞች ነበሩ ብዬ ብገላገል ደስ ባለኝ። ግን አልነበሩም፤ እንዲያውም ራሳቸውን እንደ ረዳት ነበር የሚቆጥሩት። “ሰው ለውጡኝ ብሎ ከመጣ፣ ወላጅ ልጄን አድኑልኝ ብሎ ካለቀሰ፣ ባለሙያ ምን ያድርግ?” የሚል መልስ በእጃቸው ነበር። እኔም ብጠየቅ ይህንኑ ነበር የምለው።

መልሱን ያፈረሰው ከራሳቸው ቤት የወጣ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ቻርልስ ሲልቨርስቲን የተባለ፣ እሱ ራሱ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ የሆነ ሳይኮሎጂስት፣ በባህርይ ሕክምና ባለሙያዎች ጉባኤ ላይ ቆሞ “እነዚህ ሰዎች ፈልገው የሚመጡ ይመስላችኋል?” የሚል ጥያቄ አነሳ። ጥያቄው ጄራልድ ዴቪሰንን እንቅልፍ ሳይነሳው አልቀረም። በ1974 የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ሆኖ ሲናገር፣ ሰውየው ራሱ ቢለምን እንኳ የፍቅር ዝንባሌን የመለወጥ ሕክምና መስጠት እናቁም አለ። እስቲ የሚለምነው ማን ነው? ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰደብና ሲሸማቀቅ የኖረ ሰው አይደለም ወይ? እኛስ መድኃኒቱን በሠራን ቁጥር በሽታ ነው ብለን እየመሰከርን አይደለም ወይ? ይህን የተናገረው ፍላጎትን የመለወጥ ዘዴ ራሱ የሞከረ ሰው መሆኑ ነው ለእኔ ትልቁ ነገር።

ዳሩ ግን ክርክሩ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎችን ብቻ የሚመለከት ነበር። የአሜሪካ ሳይካትሪስቶች ማኅበር እነሱን በ1973 ከበሽታ መዝገቡ ሲያወጣ፣ በ1980 ደግሞ ትራንስጀንደሮችን የሚመለከት አዲስ ምድብ አስገባ። ሆርሞን ወይም ቀዶ ሕክምና የፈለገ ሰው፣ በ1979 በወጣው መመሪያ መሠረት፣ በቅድሚያ ከሥነ ልቦና ባለሙያ ደብዳቤ ማምጣት ነበረበት። ባለሙያው በር ላይ የቆመ ዘበኛ ሆነ ማለት ነው። ዘበኛ ፊት ደግሞ ልቡን የሚከፍት የለም። ሰዎቹ ደብዳቤ የሚያስገኘውን ታሪክ እየተጠያየቁ አጥንተው ይገቡ ነበር፤ ልክ እኔ ለፈተና እንደሸመደድኩት።

በሌላ በኩል የፊላደልፊያው ሳይካትሪስት አሮን ቤክ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ሌላ መንገድ እየጠረገ ነበር። የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና (ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ) የሚባለው የዚህ ውጤት ነው። ሐሳቡ እንዲህ ነው፤ ሰው የሚጨነቀው በገጠመው ነገር ብቻ ሳይሆን ስለገጠመው ነገር በሚያስበውም ጭምር ነው። ስለዚህ ሐሳቡን ወረቀት ላይ ያስፍርና እንደ ዳኛ ይመርምረው። ጓደኛዬ ስልክ አላነሳም፤ ጠልቶኛል ማለት ነው ወይስ ስብሰባ ላይ ነው? ማስረጃው የቱ ነው? በድብርትም በጭንቀትም ብዙ ተፈትኖ የተመሰከረለት ሕክምና ነው።

አሁን ይህንኑ ወረቀት አንዲት ትራንስጀንደር ሴት ፊት አስቀምጡት። “አውቶቡስ ከተሳፈርኩ ይሰድቡኛል” ትላለች። ሐኪሙ እንደለመደው “ማስረጃሽ ምንድን ነው?” ይላታል። ማስረጃ? ማክሰኞ ሰደቧት። ሐሙስ ተፉባት። አምና ደግሞ ደብድበዋታል። ለእንዲህ ያለች ሰው “እያጋነንሽ ነው” ማለት በሐኪም አፍ መሰደብ ነው።

ይህ እንዲታይ ጊዜ ወስዷል። በ2003 ኢላን ሜየር የተናቁ ወገኖች ላይ የሚደርሰውን የተለየ ጭንቀት አብራርቶ ጻፈ፤ በ2012 ሄንድሪክስና ቴስታ ትንታኔውን ወደ ትራንስጀንደሮች አመጡት። በ2015 ደግሞ አሽሊ ኦስቲንና ሼሊ ክሬግ፣ ሁለቱም የሶሻል ወርክ ምሁራን ናቸው፣ አንደኛዋ ፍሎሪዳ ሌላኛዋ ቶሮንቶ፣ ሕክምናውን ለእነዚሁ ሰዎች የሚያስተካክል ጽሑፍ አወጡ። መነሻቸው ማንነቱ ራሱ የሚታረም ሐሳብ አይደለም የሚል ነው። ሴትዮዋ ጭንቀቷ ከየት እንደመጣ በመጀመሪያ ይነገራታል። ከዚያ ሐሳብን ማበጠር ይመጣል። “ይሰድቡኛል” የሚለው እውነት ነው፤ አይከራከሩትም። የትኛው መስመር ይሻላል፣ በስንት ሰዓት፣ ከማን ጋር ብለው ይመክሩበታል። “ስለሚሰድቡኝ የማልረባ ነኝ፤ ማንም አይወደኝም፤ ብሞት ይሻላል” የሚለው ግን የሌሎች ቃል ገብቶ የእሷ መስሎ የተቀመጠ ነው። የቤክ ወረቀት የሚወጣው እዚህ ላይ ነው። ባህርይ የተባለውም ትርጉሙ ተለወጠ። ድሮ አቀማመጥን ማረም ነበር። ዛሬ ከቤት የማትወጣ ሴት መሰሎቿ ወደሚሰበሰቡበት ቦታ በዚህ ሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ እንድትሄድ ማገዝ ነው።

በዚህ የተስተካከለ ሕክምና ላይ የተሠሩት ጥናቶች ገና ጥቂትና ትንንሽ ናቸው፤ ተአምር ተገኘ የሚል ካለ አትመኑት። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳዩን ከአእምሮ ሕመሞች ምዕራፍ ያወጣበት መዝገብ ሥራ ላይ የዋለው በ2022 ነው። ዴቪሰን የመራው ማኅበርም፣ ስሙን ቀይሮ ዛሬም አለ፣ በዚያው ዓመት ሙያው በእነዚያ ሕክምናዎች ለነበረው ድርሻ በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። አነበብኩት። ቀዩ እስክሪብቶ ትዝ አለኝ።

ቶሮንቶ በምክር አገልግሎት የምትሠራ አንዲት ወዳጄን ስለዚህ ሳነሳባት፣ እኛ ዘንድ ችግሩ ከሰላምታው ይጀምራል አለችኝ። እንግሊዝኛ ፊት ለፊት ላለ ሰው አንድ ቃል ይበቃዋል። አማርኛ ግን “እንዴት አደርክ” ወይም “እንዴት አደርሽ” ሳይል አፉን አይከፍትም። አንድ ቀን አማርኛ ተናጋሪ ትራንስጀንደር ደንበኛ መጡባት። ማን እንደሆኑ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። የዳነችው በ“እርስዎ” ነው። ጾታ የለውም፣ ክብርም አለው። ሁለት ሳምንት “እርስዎ” እያለች ቆየች። በሦስተኛው ቀጠሮ ደንበኛዋ ወንበሩን ሳብ አድርገው “ልጄ፣ በዕድሜ እናትሽ እሆናለሁ፤ እዚህ ክፍል ውስጥ ግን አንቺ በይኝ” አሏት።