የሞተር ሳይክል ካርቡሬተር፦ እጥበት፣ እድሳትና ማስተካከያ

ካርቡሬተር ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየርና ቤንዚን መጥኖ የሚያደባልቅ ክፍል ነው። አየሩ በጠባቡ አንገት ሲያልፍ ፍጥነቱ ጨምሮ ግፊቱ ስለሚቀንስ፣ ከታች ካለው ቋት ቤንዚኑ ጄት በሚባሉ ቀጫጭን ቀዳዳዎች ይሳባል። 1 ግራም ቤንዚን በወጉ ተቃጥሎ እንዲያልቅ 14.7 ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። ይህን ምጣኔ በአብዛኛው የሚወስኑት የቀዳዳዎቹ ስፋትና በቋቱ ውስጥ ያለው የቤንዚን ከፍታ ናቸው። ስለዚህ ሳይታጠብ የማስተካከያ ብሎኑ ብቻ የተነካካ ካርቡሬተር ተስተካከለ ሊባል አይችልም፤ የተስተካከለው ለቆሻሻው ነው።

ለወራት በቆመ ሞተር ውስጥ ቤንዚኑ እየተነነ ሙጫ የመሰለ ዝቃጭ ይተዋል። አስቀድሞ የሚደፈነው የሚኒሞው፣ ማለትም ሞተሩ ጋዝ ሳይሰጠው ሲዞር ቤንዚን የሚያደርሰው ትንሹ ጄት ነው፤ ቀዳዳው በብዙ ሞተሮች ከግማሽ ሚሊሜትር ያንሳል። ሲደፈን ሞተሩ ያለ ቾክ አልነሳ ይላል፣ ጋዝ ሲለቀቅ ይጠፋል፣ ጋዝ ሲሰጠው ግን ደህና ይሮጣል። ያኔ ሚኒሞውን ከፍ ማድረግ የተለመደ ነው፤ ምልክቱ ይጠፋል፣ ጄቱ ግን እንደተደፈነ ይቀራል። ካርቡሬተር ከተፈታ በኋላ እንደ ቀድሞው አይሆንም የሚሉ አሉ። ስጋታቸው መሠረት የለውም አይባልም፤ የጄቶቹ ናስ ለስላሳ ነው፣ ያረጀ ጎማም ይበጠሳል። ጥፋቱ ግን ከመፍታቱ ሳይሆን ከአያያዙ ነው። በሽቦ ተጎርጉሮ ከ0.40 ወደ 0.44 ሚሊሜትር የሰፋ ቀዳዳ የማስተላለፊያ ስፋቱ 21 በመቶ ይጨምራል፤ ዓይን ይህን አያይም፣ ሞተሩ ግን ይለየዋል። ስለዚህ የጎማ ክፍሎቹ ወጥተው ካርቡሬተሩ በማጠቢያ ፈሳሽና በኮምፕሬሰር አየር ይጸዳል። የድብልቅ ብሎኑም ከመፈታቱ በፊት በቀስታ እስኪያርፍ ድረስ ስንት ዙር እንደጠበቀ ተቆጥሮ ይጻፋል።

በእድሳቱ የጎማ ቀለበቶቹ፣ ጓርኒሲዮኑና ጫፏ የተበላ የቋት መርፌ ይቀየራሉ። በቋቱ ውስጥ የቤንዚኑን ከፍታ የሚወስነው ተንሳፋፊ አምራቹ ባስቀመጠው ልክ ካልቆመ ድብልቁ በሁሉም የጋዝ ደረጃ ስለሚዛባ፣ ጄት መቀያየር አያድነውም።

ማስተካከያ የሚጀመረው ከዚህ በኋላ፣ ሞተሩ ሲሞቅ ነው። በሚኒሞ አካባቢ የድብልቅ ብሎኑና ትንሹ ጄት፣ በመካከለኛ ጋዝ በጋዝ ፒስተኑ ላይ ያለው መርፌ፣ በሙሉ ጋዝ ደግሞ ዋናው ጄት ይገዛል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በብሎኑ ነው፦ በአየር ማጣሪያው በኩል ያለ ብሎን ሲላላ ድብልቁ ይቀጥናል፤ በሞተሩ በኩል ያለው ሲላላ ግን ቤንዚን ይበዛል። የፋብሪካውን ልክ አለመንካት ይሻላል የሚለው ክርክርም በቆላ ያስኬዳል። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በሩብ ያህል ያነሰ ነው። ለባሕር ጠረፍ የተለካ ጄት እዚያ ቤንዚን አብዝቶ ካንዴላውን ያጠቁራል፤ መፍትሔው አነስ ያለ ዋና ጄት ነው። በዚያው ጄት ወደ አፋር ቆላ የሚወርድ ሞተር ግን ድብልቁ ይቀጥንና ከልክ በላይ ይሞቃል፤ የቀድሞው ጄት መመለስ አለበት።

ርካሽ አዲስ መግዛት ይቀላል ለሚሉም መልሱ ቀላል ነው፦ ጄቶቹ ለዚያ ሞተር ካልተመረጡ አዲሱም እንደ አሮጌው መለካት አይቀርለትም። መቀየር የሚያዋጣው አካሉ በዝገት ሲበላ ወይም የጋዝ ፒስተኑ የሚንሸራተትበት ግድግዳ አልቆ አየር ሲያሾልክ ብቻ ነው።