አጋላጭ ሁኔታ

አጋላጭ ሁኔታ በበሽታ የመያዝን ዕድል የሚጨምር ባሕርይ፣ ልማድ ወይም አካባቢ ነው፤ ያለበት ሰው ሁሉ ግን የግድ ይታመማል ማለት አይደለም። በአሜሪካዋ ፍራሚንግሃም ከተማ በ1948 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ጥናት ከፍተኛ የደም ግፊት፣ ኮሌስትሮልና ሲጋራ ማጨስ ለልብ ሕመም እንደሚያጋልጡ አሳይቷል።

በኢትዮጵያ ጎላ ብሎ የሚታየው ምሳሌ ፖዶኮኒዮሲስ የተባለው የእግር እብጠት ነው። በደጋና በወይና ደጋ፣ ከእሳተ ገሞራ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግሩ የሚያርስ ገበሬ ለዚህ በሽታ ይጋለጣል። ደቃቅ የአፈር ቅንጣቶች በቆዳው ዘልቀው የሊምፍ ቧንቧዎችን ይጎዳሉ፤ እብጠቱ ከእግር ጣቶች አካባቢ ጀምሮ ወደ ጉልበት ይወጣል፣ ቆዳውም ይሻክራል። በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት ስላለ፣ አብረው ከሚያርሱት አንዱ ታሞ ሌላው ሊተርፍ ይችላል። ጎረቤት ይህን አይቶ በሽተኛውን እንደ ተረገመ ወይም እንደ ተላላፊ ሕመምተኛ ማግለሉ ከባድ በደል ነው፤ በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ማድረግና እግርን በውሃና በሳሙና መታጠብ ይከላከለዋል።