ከአጋፋሪው በር እስከ ቦሌ መስኮት

በአገራችን እንግዳ መቀበል የምግባር ሁሉ ራስ ሆኖ ሲቈጠር ኖሯል። የመሸበት መንገደኛ በማያውቀው ሰው ደጅ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ባለ ጊዜ፥ ባለቤቱ ስሙንም ወገኑንም ሳይመረምር እግሩን አጥቦ፥ ያለውን አቅርቦ፥ መደቡን ለቆለት ያድር ነበር፤ አብርሃም በድንኳኑ ደጃፍ ሦስቱን እንግዶች የተቀበለበት ታሪክም በየአብያተ ክርስቲያናቱ ግድግዳ ተሥሎ ትውልድ ሁሉ እያየው አድጓል። እንዲህ ያለ ልማድ ያለው ሕዝብ፥ ከመስኮት በስተጀርባ ተቀምጦ ወገኑን የሚያስተናግድበት ዘመን ሲመጣ፥ «ነገ ተመለስ» ማለትን ከየት እንዳመጣው መመርመር ይገባል። የጠባይ መበላሸት ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። እኔ ግን ነገሩ የሥራ አደራጀት ጉዳይ ነው እላለሁ፤ ለዚህም ምስክር የማደርገው ከመስቀል አደባባይ በአፍሪካ ጎዳና ወርደው የሚደርሱበትን የቦሌን ሰፈርና በሰፈሩ ጫፍ የተተከለውን የአየር መንገዳችንን ታሪክ ነው።

አስቀድሞ ግን አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ብዙ ሰውን በሥርዓት ማስተናገድ ለኢትዮጵያ ከውጭ የመጣ ጥበብ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ በግቢያቸው ባሠሩት አዳራሽ ግብር በሚገባበት ቀን ብዙ ሺህ ሰው በየተራው ገብቶ፥ በልቶና ጠጥቶ በሰላም ይወጣ ነበር፤ ይህም ሊሆን የቻለው እንጀራ ቤቱም፥ ወጥ ቤቱም፥ ሥጋ ቤቱም፥ ጠጅ ቤቱም የየራሱ አለቃና የታወቀ ድርሻ ስለ ነበረው፥ አጋፋሪው በሩን ይዞ ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚገባ ስለሚያውቅ፥ አሳላፊውም የቆመበትን መደዳ ሳይለቅ የጐደለውን ስለሚሞላ ነው። ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1942 ዓ.ም. ባሳተሙት «ዝክረ ነገር» የዚያን ዘመን የመንግሥት ሥራ አከፋፈል ያነበበ ሰው፥ ዛሬ ሥራ አመራር የሚባለው ትምህርት ከሚያስተምረው ብዙው ነገር በአባቶቻችን ዘንድ ስም አጥቶ እንጂ ግብር አጥቶ እንዳልነበረ ይረዳል።

ሆኖም የግቢው ሥርዓት የቆመው በማዕረግ ላይ ነበር። ቀድሞ የሚገባው መኰንኑ ነው፤ ተራው ሰው የሚገባው የበላዮቹ ከተነሡ በኋላ ነው፤ እልፍኝ አስከልካዩም ሥራው የሚመሰገነው በአስገባው ሰው ብዛት ሳይሆን በከለከለው ሰው ነው። ሁለት ሹመቶች ጐን ለጐን ይኖሩ ነበር ማለት ነው፤ አንዱ በሩን የሚጠብቅ፥ ሁለተኛው ማዕዱን የሚያደርስ። ዘመናዊው መሥሪያ ቤት በተቋቋመ ጊዜ ከእነዚህ ከሁለቱ በሩን የሚጠብቀው ብቻ ተወርሶ ማዕዱን የሚያደርሰው እንደ ተረሳ ሆኖ ይታየኛል። የነገሩ ሁሉ ሥር ይህ ነው።

እቴጌ ጣይቱ በ20ኛው ምዕት ዓመት መባቻ የመጀመሪያውን ሆቴል በከፈቱ ጊዜ፥ ሰው በገንዘቡ ምግብ ገዝቶ መብላትን እንደ ነውር ቈጥሮ ደጁን ሳይረግጥ ስለ ቀረ ንጉሡ ራሳቸው መኳንንቱን ይዘው ገብተው፥ በልተው፥ ሒሳብም ከፍለው ልማዱን አስጀመሩ እየተባለ ይነገራል። ትውፊቱ በዝርዝሩ እንደ ተነገረው ቢሆንም ባይሆንም፥ እንግድነት ወደ ደንበኝነት ሲለወጥ የነበረውን ኀፍረት በእውነት ይገልጻል። እንግዳ ለተቀበለው ሰው ውለታ ይገባል፤ ደንበኛ ግን በከፈለው ልክ የሚጠይቀው መብት አለው፤ ይህን መብት በቀና ልብ መቀበል ደግሞ ለአስተናጋጁም ለተስተናጋጁም አዲስ ትምህርት ነበር።

ትምህርቱ በሰፊው የተጀመረው በአየር ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ሲቋቋም፥ አገሪቱ ከጠላት ወረራ ከወጣች ገና ጥቂት ዓመት ስለ ሆነ፥ አውሮፕላኑን የሚነዳም፥ የሚጠግንም፥ ሒሳቡን የሚይዝም ከአሜሪካው አየር መንገድ ከቲ.ደብልዩ.ኤ. በውል የመጣ ሰው ነበር። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያው በረራ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ተደረገ። ከጦርነቱ የተረፉት ሲ 47 የሚባሉት አውሮፕላኖች ውስጣቸው ለመንገደኛ ምቾት የተሠራ አልነበረም፤ ሸራ የተወጠረባቸው ታጣፊ አግዳሚዎች በግራና በቀኝ ግድግዳ ተዘርግተው፥ ዕቃው በመካከል በገመድ ታስሮ፥ መንገደኛው ፊት ለፊት እየተያየ ይጓዝ ነበር። እንግዲህ የዚህ መሥሪያ ቤት መልካም ስም የተጀመረው በምቾት እንዳልነበረ ልብ ይሏል። የተጀመረው በሰዓትና በሥርዓት ነው።

የሥርዓቱን ምንጭ ለማግኘት ወደ ሩቅ አገር መሻገር ያስፈልጋል። ፋሺስት ጣልያን መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን ከተሻገረ ከ27 ቀን በኋላ፥ በአሜሪካ በራይት ሜዳ የቦይንግ ኩባንያ ሞዴል 299 የሚባለውን ታላቅ አውሮፕላኑን ለሙከራ ሲያስነሣ፥ በዘመኑ ከታወቁት አብራሪዎች አንዱ የነበረው ሜጀር ፕሎየር ሂል የመቈጣጠሪያ ክፍሎቹ መቈለፊያ መፈታቱን ሳያረጋግጥ በመነሣቱ አውሮፕላኑ ወድቆ ነደደ፥ እርሱም ሞተ። መርማሪዎቹ ጥፋቱን በሰውዬው ስንፍና ላይ አልጣሉትም፤ የሰው ልጅ ሊቅም ቢሆን ይረሳልና፥ መታሰብ ያለበት ነገር በአእምሮው ላይ ብቻ እንዳይንጠለጠል ከመነሣት በፊት፥ በጉዞ ላይና ከማረፍ በፊት የሚነበብ የማረጋገጫ ዝርዝር ተጻፈ። ከዚያ ወዲህ አንዱ አብራሪ ያነባል፥ ሁለተኛው አይቶና ዳስሶ ይመልሳል፤ በቅዳሴ ጊዜ ካህኑ የሚለው፥ ዲያቆኑ የሚለው፥ ሕዝቡም የሚመልሰው በመጽሐፍ ተለይቶ እንደ ተቀመጠና ማንም በቃሌ አውቀዋለሁ ብሎ መጽሐፉን እንደማይዘጋ ማለት ነው። ይህ ንጽጽር ለኢትዮጵያውያን ሠልጣኞች ትምህርቱን ሳያቀልላቸው እንዳልቀረ እገምታለሁ፤ በሥርዓት መጽሐፍ መመራት ለቄስ ትምህርት ቤት ልጅ እንግዳ ነገር አልነበረምና።

በጥገና ክፍልም ያው ነው። በአቪዬሽን ሙያ የታወቀው ልማድ እንዲህ ነው፦ በመሣሪያው ሰሌዳ ላይ የእያንዳንዱ መፍቻና ጉጠት ቅርጹ ተሥሎ ይቀመጣል፤ ሥራ ሲያልቅ እያንዳንዱ መሣሪያ በሥዕሉ ላይ ይመለሳል፤ አንድ ሥዕል ባዶ ሆኖ ከተገኘ መፍቻው እስኪገኝ ድረስ አውሮፕላኑ እንዲበር አይለቀቅም። አለቃው መቈጣት አያስፈልገውም፤ ባዶው ሥዕል ራሱ ይናገራል።

አየር መንገዱ መጀመሪያ የሚሠራው ከልደታ ሜዳ ነበር። ቦይንግ 720 ቢ የተባለው ጄት በታዘዘ ጊዜ ግን የልደታ ማኰብኰቢያ ስለማይበቃው፥ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ያን ጊዜ ከከተማው ውጭ የእርሻ አገር በነበረው በቦሌ አዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ ተሠራ፤ በ1955 ዓ.ም. የጄት አገልግሎት ተጀመረ። የቦሌ መንገድ፥ ሆቴሎቹ፥ የጉዞ ወኪሎቹ፥ ከዚያም ወደ ገርጂና ወደ መገናኛ የተስፋፋው ሰፈር ሁሉ ከዚያ ማኰብኰቢያ ጋር የተያያዘ ታሪክ አለው። ከሕንፃው ይልቅ ግን እኔን የሚያስደንቀኝ የሰዎቹ ነገር ነው። ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ እ.ኤ.አ. በ1957 አውሮፕላን በራሱ ኀላፊነት የመራ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የአየር መንገዱ አብራሪ ሆነ፤ የአብራሪዎች ትምህርት ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1964 ተከፈተ፤ በ1963 ዓ.ም. ኮሎኔል ስምረት መድኀኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ፤ የአሜሪካኖቹም ውል እ.ኤ.አ. በ1975 አበቃ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሥራውን ለባለቤቱ ለማስረከብ በዕቅድ ሲያሠለጥን የኖረ መሥሪያ ቤት በአገራችን ታሪክ ብዙ አይገኝም።

ፈተናውም ወዲያው መጣ። በደርግ ዘመን፥ ሹመትና ቅጥር በሙያ ሳይሆን በሌላ ሚዛን በሚመዘንበት ወቅት፥ አየር መንገዱ ወደ ውድቀት ተቃርቦ ነበር፤ በ1972 ዓ.ም. ካፒቴን መሐመድ አሕመድ ሥራ አስኪያጅ ሲሆኑ ግን ድርጅቱ በንግድ ሕግ እንዲመራ ለመሟገት ደፈሩ። መንግሥቱ ከሶቪየት ኅብረት ጋር በተወዳጀበት በዚያ ጊዜ አውሮፕላን ከቦይንግ የሚገዛ መሆኑ ብቻ የሙግቱን ፍሬ ያሳያል፤ ግንቦት 24 ቀን 1976 ዓ.ም. የአየር መንገዱ አዲስ ቦይንግ 767 ከዋሽንግተን ተነሥቶ 12,082 ኪሎ ሜትር ያለ ማረፍ በርሮ አዲስ አበባ ሲገባ፥ በሁለት ሞተር አውሮፕላን የርቀት ክብረ ወሰን ሆነ። በዚያው ዓመት በከተማው ውስጥ ሕዝቡ በየቀበሌው ሱቅ ደጅ ለስኳርና ለሳሙና ይሰለፍ ነበር። አንድ ከተማ፥ አንድ ዘመን፥ አንድ ዓይነት ሰው፤ የተለየው የሥራው አደረጃጀት ብቻ ነው።

ይህን ካልሁ ዘንድ አሁን ከአየር መንገዱ አጥር ወዲህ ልሻገር። ከቦሌ እስከ መገናኛ ባለው ሰፈር ውስጥ ስሙን ለመጥራት የማልፈልገውን አንድ መሥሪያ ቤት በማለዳ የሄደ ሰው የሚያየው እንዲህ ነው። ከበሩ ውጭ ሰልፍ አለ፤ ዘበኛው ጥያቄ ሳይሰማ «ገና ነው» ይላል። ገብቶ ተራው የደረሰለት ሰው ከመስኮቱ ሲደርስ የመታወቂያው ቅጂ እንደ ጐደለ ይነገረዋል፤ ቅጂውን ይዞ ሲመለስ እንደገና ከሰልፉ ጫፍ ይቆማል፤ ሁለተኛ ሲደርስ «ኀላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»፥ ሦስተኛ ሲደርስ «ሲስተም የለም» ይባላል። ምን ምን ይዞ መምጣት እንዳለበት በግድግዳው የተለጠፈ አንድም ነገር የለም። በአጥሩ ሥር ግን አንዲት ጠባብ የፎቶ ኮፒ ቤት አለች፤ እዚያ የሚሠራው ወጣት «ወንድሜ፥ ለምን ጉዳይ ነው?» ብሎ ይጠይቅና፥ ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ፥ የመታወቂያህ የፊትና የጀርባው፥ የግብር ደረሰኝህ፥ ይኸን ይኸን ብሎ በአንድ ትንፋሽ ይዘረዝራል፤ ማመልከቻውንም ጽፎ ይሰጣል። የመሥሪያ ቤቱ ዕውቀት ሁሉ ከአጥሩ ውጭ በአሥርና በሃያ ብር ይሸጣል ማለት ነው። ይህም ቀድሞ በየፍርድ ቤቱ ደጅ ጠረጴዛቸውን ዘርግተው የሚቀመጡት ማመልከቻ ጸሐፊዎች ሥራ እንጂ ሌላ አይደለም፤ ሙያው በአዲስ መሣሪያ ቀጠለ እንጂ አልጠፋም።

በመስኮቱ የተቀመጠችውን እኅታችንን መውቀስ ይቀልላል። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ለመቶ ሰው ያንኑ «ቅጂ ጐድሎሃል» የሚለውን ቃል ስትመልስ ስትውል የጠፋው ትዕግሥቷ የማን ጥፋት እንደ ሆነ እጠይቃለሁ። እንድትወስን ያልተፈቀደላት፥ ከላይ እስኪፈረም እንድትጠብቅ የታዘዘች፥ የምትነግረውን ዝርዝር በወረቀት ያልሰጧት ሰው ምን ማድረግ ትችላለች? የስካንዲኔቪያ አየር መንገድ መሪ የነበሩት ያን ካርልሰን ይህን አስልተውት ነበር፤ በአንድ ዓመት 10 ሚሊዮን መንገደኞች እያንዳንዳቸው ከ5 ያህል ሠራተኞች ጋር፥ በአማካይ ለ15 ሰከንድ ያህል እንደሚገናኙ ቈጥረው፥ የድርጅቱ ስም የሚሠራውም የሚፈርሰውም በእነዚያ 50 ሚሊዮን አጫጭር ጊዜያት እንጂ በሥራ አስኪያጁ ቢሮ እንዳልሆነ አስተማሩ። ስለዚህም በግንባር የቆመው ሠራተኛ መረጃውም ሥልጣኑም በእጁ እንዲሆን አደረጉ። በእኛ መስኮት ግን 15ቱ ሰከንድ አለ፤ ሥልጣኑ ፎቅ ላይ ነው፤ መረጃው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው።

መንግሥት ይህን አላየም ማለት አይቻልም። በ1987 ዓ.ም. በምሥራቁ የከተማው ክፍል የሲቪል ሰርቪስ ኮሌጅ ተቋቋመ፤ ቢፒአር የተባለው የሥራ ሂደት ለውጥ በየመሥሪያ ቤቱ ተሰበከ፤ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ጃፓኖችን ጠይቀው ያስመጡት ካይዘን የተባለው የሥራ ማሻሻያ ዘዴም በ2004 ዓ.ም. የራሱ ኢንስቲትዩት ተቋቋመለት። እነዚህ ሁሉ መልካም ናቸው፤ በእያንዳንዱም የተደከመውን ድካም አከብራለሁ። ነገር ግን ትምህርቱ ብዙ ጊዜ በሥልጠና አዳራሽ ተጀምሮ በሥልጠና አዳራሽ አለቀ፤ ሠልጣኙ ወደ መስኮቱ ሲመለስ ፊርማው እዚያው ፎቅ ላይ፥ ዝርዝሩም እዚያው ፎቶ ኮፒ ቤት ጠበቀው። አየር መንገዱ ሠላሳ ዓመት የወሰደበትን ነገር በአንድ ሩብ ዓመት ዘመቻ መፈጸም አይቻልም። ደግሞም በአውሮፕላን ማረፊያው መስኮት ያለው ሥርዓት በማዕረግ አይቆምም፤ አንደኛ ማዕረግ የሚባል ቢኖር እንኳ በቲኬቱ ላይ ተጽፎ፥ ዋጋው ታውቆ የተገዛ ነው እንጂ በፊት ዕውቂያ የሚሰጥ አይደለም፤ ገበሬውም ሚኒስትሩም ሻንጣቸው በአንድ ሚዛን ይመዘናል።

አሁን በቢሾፍቱ አቅራቢያ ከቦሌው እጅግ የሚበልጥ አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ እንዲሠራ ተወጥኗል። ሥራው ወደዚያ ሲሻገር፥ በቦሌና በገርጂ ቤት ሠርተው፥ ልጅ አሳድገው፥ ጡረታ የወጡ ብዙ መካኒኮች፥ ቲኬት ቈራጮች፥ የሻንጣ ኀላፊዎችና የበረራ አስተናጋጆች በሰፈሩ ይቀራሉ። የማረጋገጫ ዝርዝር እንዴት እንደሚጻፍ፥ ማን እንደሚያርመው፥ ስሕተት ሲገኝ ሰው ሳይዋረድ እንዴት እንደሚመዘገብ በእጃቸው ሠርተው ያወቁ ሰዎች ናቸው። የየወረዳው ጽሕፈት ቤት አንድ ቀን እነዚህን ጋሼዎችና እትዬዎች ጠርቶ፥ ከበሩ ጀምሮ እስከ ማኅተሙ ድረስ ያለውን መንገድ ከባለጉዳዩ ጋር አብረው እንዲሄዱና ያዩትን ደረጃ በደረጃ በአንድ ገጽ እንዲጽፉለት ቢለምናቸው፥ እምቢ የሚሉ አይመስለኝም። የፎቶ ኮፒ ቤቱንም ወጣት አብረው ቢያስቀምጡት ገጹ ቶሎ ይሞላል።