አምስተኛዋ ተጫዋች

በዚህ ጋዜጣ ላይ ብዙ እህቶች ስለ ቁጠባና ስለ ንግድ ጽፈዋል። እኔ ስለ ቅርጫት ኳስ ልጽፍ ነው፤ ብትስቁም አልቀየምም።

በእኛ ጊዜ የጨዋታውን ስም ለእናቶች ማስረዳት ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። ጀጎል ውስጥ ያሉ አንዲት ጎረቤታችን፣ ግድግዳቸው በእጃቸው በሰፏቸው ስፌቶች የተሞላ፣ «ምን አድርጓችሁ ነው በኳስ የምትደበድቡት?» ይሉን ነበር። ብዙም አልተሳሳቱም። ጄምስ ናይስሚዝ የተባለው መምህር እ.ኤ.አ. በ1891 አሜሪካ፣ ስፕሪንግፊልድ ውስጥ ጨዋታውን ሲጀምር የሰቀለው የኮክ መልቀሚያ ቅርጫት ነበር፤ ከፍታው 3 ሜትር ከ5 ሳንቲ፣ ዛሬም ያው ነው። በዓመቱ ሰንዳ ቤረንሰን የምትባል መምህርት ለሴት ተማሪዎቿ አስተማረችው። ሴት ልጅ ብዙ መሮጥ የለባትም ይባል ስለነበር ሜዳውን በመስመር ከሦስት ከፍላ፣ ከክልላቸው እንዳይወጡ ከለከለች። አዮዋ በሚባለው ግዛት የሴት ተማሪዎች ሜዳ እ.ኤ.አ. እስከ 1993 ድረስ ለሁለት እንደተከፈለ ቆይቷል። ሴቶች በኦሊምፒክ ቅርጫት ኳስ የተጫወቱትም በ1976 ሞንትሪያል ላይ ነው፤ ወንዶቹ ከጀመሩ ከ40 ዓመት በኋላ።

የእኛን ሜዳ የከፈለው ግን ውኃ ነው።

እኔ የተጫወትኩት ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. ሐረር ውስጥ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ሲሚንቶ ሜዳ፣ መረብ የሌለው ሪንግ፣ አንድ ኳስ። ከሰዓት ሜዳው የወንዶች ስለሆነ እኛ ጠዋት ከክፍል በፊት እንለማመዳለን። ቅዳሜ ቅዳሜ አሠልጣኛችን ሐኪም ጋራ ላይ ያስሮጡናል። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ ካሸነፈች ወዲህ የምትሮጥ ልጅ ማየት ለሰፈሩ ሰው ብርቅ አልነበረም፤ ኳስ ይዞ መዝለሉ ነው ያስወራው።

ከጋራው ላይ ጀጎል ከነግንቡ ከእግራችን ሥር ይታያል። እኛ ግን አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩትን ግንብ አይደለም የምናየው፤ ቢጫ ጀሪካን ነው። የከተማው ውኃ የሚመጣው 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ካለው ከሐረማያ ሐይቅ ነበር፤ ሐይቁ ደግሞ በየዓመቱ ይሸሻል፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ ጭራሽ ደረቀ። ቧንቧ የሚመጣበት ቀን አይታወቅም። ጀሪካን ተሸክሞ የሚሮጥ ሰው በሰፈሯ ያየች ልጅ ልምምዱን ትታ ቁልቁል ትወርዳለች። አሠልጣኛችን መጀመሪያ ይቆጡ ነበር፤ በኋላ ዝም አሉ። ወንዶቹ ሲወርዱ አይቼ አላውቅም።

ከድሬዳዋ ለመጣ ቡድን የተዘጋጀንበት ቀን ዝርዝሩ ላይ ዘጠኝ ነበርን። አንዷ በዚያው ክረምት ተድራ ነበር፣ የሁለቱ ወላጆች ከልክለዋል፣ አንዷ ታማለች። አምስት ቀረን፤ ለመጀመር የሚበቃ ቁጥር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሜዳው ውስጥ የቆምነው አራት ነን። ደንቡ የሚታገሠው 15 ደቂቃ ነው። ከዚያ ዳኛው ፊሽካ ነፋ፤ በፎርፌ 20 ለ 0 ተሸነፍን።

አምስተኛዋን ለዓመታት አላናገርኳትም። ሞኝነት ነበር፤ ግን አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው።

ባለፈው ዓመት ለሰነድ ጉዳይ እዚያው ትምህርት ቤት ስሄድ አንድ የድሮ መዝገብ አየሁ። የወንዶቹ ውጤት ከነግብ አግቢዎቹ ተጽፏል። ስለ እኛ ያለው አንድ መስመር ነው፦ «የሴቶች ቡድን ባለመቅረቡ ተሸንፏል»። ስለ ውኃው ምንም የለም። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ለዚያ መስመር ነው።

ረጂዎቻችን ለልጃገረዶች ኳስና ማልያ ሲሰጡ ደስ ይለኛል። የዚያን ቀን ግን ኳስም ማልያም ነበረን። የጎደለን አንድ ሰዓት ነው።

አምስተኛዋ ዛሬ የማኅበራችን አባል ናት፤ እቁባችን ላይ አጠገቤ ትቀመጣለች። ልጻፈው ወይ ብዬ ስጠይቃት «ስሜን ተዪው፤ እንደመጣሁ ግን ጻፊ» አለችኝ።

መጥታለች። ዳኛው ወረቀቱን ፈርሞ ከጨረሰ በኋላ በበሩ ሮጣ ገባች፤ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ርሷል፣ ከሥሩ ማልያዋን ለብሳለች።