ሰባራ ድልድይና የአጎቴ ፍሎፒ

አጎቴ ቢቸና አስተማሪ ነበር። ክረምት ሲገባ እኛ ጋ ሞጣ ይመጣና ሽማግሌ እየፈለገ ስለ ሰባራ ድልድይ ይጠይቃል። የሰማውን በኮምፒውተር ጻፈ፣ ፍሎፒ ላይ አስቀመጠ፣ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ከዓመታት በኋላ ፋይሉን ስከፍተው አማርኛ የለም። የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ብቻ!

ይሄ የአጎቴ ጥፋት አይደለም። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ.፣ በ3.0 ዕትም ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ፎንት ሠሪ «ሀ»ን የፈለገው ቁጥር ላይ ያስቀምጣት ነበር፤ ፎንቱ ከሌለ ጽሑፉም የለም። ከችግሩ ጋር ቀድመው ከታገሉት አንዱ ዳንኤል ያዕቆብ ነው። ሊብኤት የተባለ የሲ ላይብረሪ ሠራ፤ በፐርል ደግሞ ለግዕዝ ቁጥርና ለዘመን አቆጣጠራችን ሞጁሎች ጻፈ።

እኔ የተማርኩት ሲ ነው። ስለዚህ ፋይሉን የሚያነበውን ፕሮግራም በሲ ጽፌ፣ የፊደል ልወጣውን ለፐርል ሞጁል ልተወው አልኩ። ፐርል ራሱ በሲ የተጻፈ ስለሆነ፣ አስተርጓሚውን የሲ ፕሮግራም ውስጥ መክተት ይቻላል። ተራ ስክሪፕት ስሰጠው ሠራ። ሞጁሉን ስጠራ ግን «መጫን አልችልም» ብሎ ቆመ። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ።

ለካ አንዳንድ ሞጁሎች ንጹሕ ፐርል አይደሉም፤ ሆዳቸው ውስጥ ኮምፓይል የተደረገ ሲ አለ። ይህን ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ ፈልጎ የሚያመጣው ዳይናሎደር ነው። ከተርሚናል የምንጠራው ፐርል ዳይናሎደርን ይዞ ይነሳል። እኔ የከተትኩት አስተርጓሚ ግን የሚያውቀው፣ ኤክስኤስ ኢኒት የምትባል አጭር ፈንክሽን ሲነሳ ከሰጠሁት ብቻ ነው። እኔ በቦታዋ ባዶ ሰጥቼው ነበር። ከሲ ወደ ፐርል፣ ከፐርል ተመልሶ ወደ ሲ፦ ሁለቱ ዳር ቆሟል፣ የጎደለው መሐሉ ነው።

ሰባራ ድልድይም እንዲሁ ነበር። በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ፋሲል ጊዜ ጎጃምን ከቤጌምድር ለማገናኘት ዓባይ ላይ ተሠራ። በጣሊያን ወረራ ዘመን መሐሉ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ ሰው በገመድ እየተጎተተ ተሻገረ። በ2002 እ.ኤ.አ. ክፍተቱ በብረት ተያያዘ፣ በ2005 ጎርፍ ወሰደው፣ በ2009 ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ።

ፈንክሽኗን ጨምሬ ፕሮግራሙን አስነሳሁት። ፊደሉ መጣ። ከሽማግሌዎቹ ቃል መሐል የአያቴ ነበረበት፤ የእህቷን ቀብር ለመድረስ ወገቧን በገመድ ታስራ ዓባይን እንደተሻገረች፣ ዓይኗንም እስከ ማዶ እንዳልገለጠች። ለእኛ አንድም ቀን አውርታን አታውቅም።

እናቴ ጋ ሞጣ ደወልኩ። አነበብኩላት። ዝም አለች፤ ከዚያ «እስቲ ድገምልኝ፣ ቀስ ብለህ» አለችኝ።