የወለተ ጴጥሮስ እንቢታ

ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 ዓ.ም. (እንደ አውሮጳ አቆጣጠር) የሮማን ሃይማኖት በይፋ ሲቀበሉ ከመኳንንቱ ብዙዎቹ የንጉሡን ፈቃድ ተከተሉ። ከወይዛዝርቱ ግን ብዙዎቹ እንቢ አሉ፤ ኢየሱሳውያን ካህናትም በደብዳቤዎቻቸው የእነዚህን ሴቶች አልበገር ባይነት አማርረው ጽፈዋል።

ከእነርሱ ሁሉ ስሟ የገነነው ወለተ ጴጥሮስ ናት። ባሏ መልክአ ክርስቶስ የንጉሡ የጦር አለቃ ነበር። በ1617 በአቡነ ስምዖን መገደል እጁ እንዳለበት ባወቀች ጊዜ ትዳሯን ትታ መነነች። አቡኑ ግብጻዊ፣ ባሏ ኢትዮጵያዊ መሆናቸውን ልብ ይሏል። ፈረንጆቹን የተቃወመችው በዘራቸው ብቻ ነው የሚል ሰው ይህን እንዴት ሊያስረዳ እንደሚችል አላውቅም። ፓትርያርኩ አፎንሶ ሜንዴስ ሊያሳምናት ቢደክምም አልሆነለትም፤ በኋላም ወደ ዣበይ በግዞት ተላከች።

ከግዞት ከተመለሰች በኋላ፣ ክህነት ሳይኖራት፣ በጣና ዙሪያ ወንዶችም ሴቶችም መነኮሳት ያሉባቸውን ማኅበራት መራች። ቅዱስ ጳውሎስን እየጠቀሱ «ሴት እንዴት መሪ ትሆናለች?» ያሉ አልጠፉም። በገድሏ እንደ ተጻፈው፣ አባ ፈትለ ሥላሴ ለሹመቷ ምስክር ሆነው የቆሙት እግዚአብሔር መርጧታል በማለት ነው። ስለዚህ የዛሬውን የሴቶች መብት ቋንቋ በአፏ ማኖር አይገባም፤ በማኅበሯ ወንድና ሴት ተለያይተው እንዲኖሩ አጥብቃ ያዘዘችም እርሷው ናት። ሥልጣኗ ግን ሥልጣን ነበር።

የቀድሞው ሃይማኖት በ1632 ተመለሰ። እርሷም በ1642 ስታርፍ የሴቶቹን አለቅነት የምንኩስና ጓደኛዋ እኅተ ክርስቶስ ተረከበች።